የ1970 ኦሪዮልስ ጓንቶች፦ በስትራት-ኦ-ማቲክ ሚዛን ለማን ስንት እንስጥ?

ግራ_መስመር
ሰላም ለሁላችሁ። የቅዳሜ ቡድናችን በዚህ ክረምት የ1970ውን የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ባልቲሞር ኦሪዮልስን በስትራት-ኦ-ማቲክ ሊያጫውት ተስማምቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሲልቨር ስፕሪንግና ባልቲሞር አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ቡድኑ የሰፈራችን ነው። ካርዶቹን ከሣጥኑ ከማውጣታችን በፊት ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። የታተመውን ቁጥር ሳናይ፣ ከመዝገቡና ከምናውቀው ተነስተን ለእያንዳንዱ ተከላካይ ደረጃ እንስጥና እንከራከርበት።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ጨዋታው ሃል ሪችማን በ1961 ለገበያ ያቀረበው የካርድና የዳይስ ቤዝቦል ነው። ፒቸሩ ይወረውራል፣ መቺው በባት ይመታል፣ ተከላካዮቹ ኳሱን በጓንት ይይዛሉ። በሜዳ ላይ እያንዳንዱ ተከላካይ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው ከ1 እስከ 5 ያለ የመድረስ ደረጃ ነው፤ 1 ምርጥ፣ 5 ደካማ። ሁለተኛው የስህተት ቁጥሩ ነው፤ ባነሰ መጠን እጁ የታመነ ነው። ለአውትፊልደሮች (በሜዳው ጀርባ ለሚቆሙት ሦስቱ) እና ለካቸሮች (ከመቺው ጀርባ ሆነው ለሚቀበሉት) በተጨማሪ የክንድ፣ ማለትም የመወርወር ቁጥር አለ።

የእኔ መነሻ ይኸው። ሦስተኛ ቤዝ ብሩክስ ሮቢንሰን 1። ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው) ማርክ ቤላንጀር 1። ሁለተኛ ቤዝ ዴቪ ጆንሰን 1። ሴንተር ፊልድ (የአውትፊልዱ መሐል) ፖል ብሌር 1። አንደኛ ቤዝ ቡግ ፖውል 3። ቀኝ ፍራንክ ሮቢንሰን 2፣ ግራ ዶን ቡፎርድ 3። ካቸሮቹን ኤልሮድ ሄንድሪክስንና አንዲ ኤቸባረንን ሁለቱንም 2 ብያለሁ።

አራት ሰው 1 መስጠት እንደሚበዛ ይታወቀኛል። ግን ይህ ቡድን 108 ጨዋታ ያሸነፈ ነው። ሦስት ፒቸሮቹ ኩዌላር 24፣ ማክናሊ 24፣ ፓልመር 20 ጨዋታ አሸንፈዋል። እነዚያ ድሎች ከፒቸሮቹ ክንድ ብቻ እንዳልመጡ በጽኑ አምናለሁ።

ዳይስ_ጣይ
ጥሩ ክር ከፈትክ ወንድሜ። በብሩክስና በብሌር ላይ ክርክር የለኝም። ጆንሰን ላይ ግን እንነጋገር። ከ1969 እስከ 1971 በተከታታይ ሦስት ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ወስዷል፤ ያ ለ1 ይበቃል ወይ? ሽልማቱን በዚያ ዘመን የሚሰጡት አሠልጣኞች በድምፅ ነበር፤ አንድ ሰው አንዴ ስም ካወጣ በዚያው ይቀጥላል። ጆንሰን እጁ ንጹሕ ነው፣ ዳብል ፕሌይ (በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ማውጣት) ላይም ከቤላንጀር ጋር ተግባብቶ ይሠራል። ነገር ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ርቆ የሚደርስ ሰው አይመስለኝም። እኔ 2 ከዝቅተኛ የስህተት ቁጥር ጋር እሰጠዋለሁ።

አዲስ_ገቢ
ይቅርታ፣ እኔ ጨዋታውን አይቼው አላውቅም። ደረጃው መቼ ነው የሚሠራው? መቺው በመታ ቁጥር ነው?

ሳሮን_ኤክስ
አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለውም እዚህ ላይ ስለሆነ ላስረዳሽ፣ ወይም ላስረዳህ።

ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንዱ ዳይስ ከመቺው ካርድ ወይስ ከፒቸሩ ካርድ እንደሚነበብ ይለያል፤ ግማሹ ዕድል የመቺው፣ ግማሹ የፒቸሩ ነው። የቀሩት የሁለቱ ድምር ደግሞ መስመሩን ይጠቁማል። የፒቸሩ ካርድ ሦስት ዓምድ አለው፤ በሁለት ዳይስ 36 አጣጣል ስላለ በጠቅላላው 108 ዕድል ይሆናል። ከነዚህ ውስጥ 30ው ኤክስ የተጻፈባቸው ናቸው። ኤክስ ላይ ስንወድቅ ካርዱ ዝም ይልና ተከላካዩ ይፈርዳል። ያኔ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ከደረጃው ጋር በሰንጠረዡ ላይ ይታያል፤ ቀጥሎ ሦስት ዳይስ ተጥሎ ስህተት መኖር አለመኖሩ ይጣራል።

30ው ዕድል እኩል አልተከፈለም። ሾርትስቶፕ 7፣ ሁለተኛ ቤዝ 6፣ ሦስተኛ ቤዝ 3፣ ሴንተር ፊልድ 3፣ ካቸር 3፣ የቀሩት አራቱ፣ ማለትም አንደኛ ቤዝ፣ ግራ፣ ቀኝና ፒቸሩ ራሱ፣ ሁለት ሁለት።

አሁን ይህን ወደ አንድ የውድድር ዘመን አምጡት። አንድ ቡድን በዓመት ወደ 6,000 መቺ ይገጥማል እንበል። የፒቸሩ ካርድ ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚነበብ ከ216 እንቆጥራለን። ለሾርትስቶፑ ወደ 194 ኤክስ ይደርሰዋል። ለሁለተኛ ቤዝ 167 ያህል። ለብሩክስ ግን 83 ብቻ፤ ለፖውል 56 ገደማ።

ስለዚህ ዳይስ_ጣይ በጆንሰን ላይ ያነሳኸው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ፖውልን 3 በማለትና 4 በማለት መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ በጭንቅ ይታያል። ጆንሰንን 1 ወይም 2 ማለት ግን የቡድኑን የነጥብ ሒሳብ ያናውጣል።

ጋሽ_ባልቲሞር
ልጆቼ፣ ስታወሩ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በሰባዎቹ አጋማሽ ለትምህርት መጥቼ ሜሞሪያል ስታዲየም አጠገብ ነበር የተከራየሁት። ቤዝቦል የተማርኩት እነዚህኑ ሰዎች በማየት ነው። ጆንሰንና ፍራንክ ያን ጊዜ ሄደው ነበር፤ ብሩክስ፣ ቤላንጀርና ብሌር ግን ነበሩ።

ስለ ብሌር ልንገራችሁ። ሌሎች ሴንተር ፊልደሮች ከሚቆሙበት በጣም ቀርቦ ነበር የሚቆመው፤ ሁለተኛ ቤዝ ጀርባ ማለት ይቻላል። ኳሱ ከባቱ ሲነሳ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጥና አጥሩ አጠገብ ዘወር ብሎ ይቀበለዋል። ቀርቦ ስለሚቆም ሌላ ሜዳ ላይ ሲንግል (መቺውን አንደኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) የሚሆነው አጭር ኳስ እሱ እጅ ላይ ይሞታል። ስምንት ጎልድ ግላቭ አለው፤ አንዱም አይበዛበትም።

ብሩክስ ደግሞ በሩጫ ዘገምተኛ ሰው ነበር። ኢንፊልደር ሁሉ ፈጣን መሆን ያለበት ይመስላችኋል፤ እሱ ግን የመጀመሪያው እርምጃው ኳሱ ከመመታቱ ጋር አብሮ ነበር የሚነሳው። ኳሱን ከጓንቱ ወደ እጁ ሲያዛውር ዓይን አይከተለውም። ከ1960 እስከ 1975 በየዓመቱ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ጎልድ ግላቭ ወሰደ። በ2023 ሲያርፍ ከተማው በሙሉ አዘነ፤ እኔም እንደ ቤተሰብ ሰው ነው ያዘንኩት።

ሳሮን ልጄ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። ነገር ግን ብሩክስ ከቤላንጀር ከግማሽ በታች ሥራ አለው የሚል ጨዋታ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሳሮን_ኤክስ
ጋሼ፣ ያዩትን ሰው ቃል ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ኤክስ ማለት ወደ ተከላካዩ የሚሄደው ኳስ ሁሉ ማለት አይደለም። ቀላሉ ግራውንድ ቦል (መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ) በካርዶቹ ላይ ‹ወደ ሦስተኛ ቤዝ፣ አውት› ተብሎ አስቀድሞ ተጽፏል፤ ያንን ማንም ይይዘዋል። ኤክስ የሚያወራው ጥሩውና ደካማው ስለሚለያዩበት ኳስ ብቻ ነው። ሾርትስቶፑ በሁለት በኩል ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። የሦስተኛ ቤዙ ሰው በአንድ በኩል መስመሩ ይገድበዋል፤ ኳሱም ፈጥኖ ስለሚደርስበት ብዙ ለመሮጥ ጊዜ የለውም።

ግራ_መስመር
ሳሮን፣ እዚያ ላይ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ጥሩውና ደካማው የሚለዩት በሩጫ ሳይሆን በዚያች ግማሽ ሰኮንድ ውስጥ ነው። የ1970ው ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የፍጻሜ ተከታታይ) የመጀመሪያ ጨዋታ ስድስተኛ ኢኒንግ (ዙር) ላይ የሲንሲናቲ ሬድሱ ሊ ሜይ የመታውን አስታውሱ። ኳሱ መስመሩን ታክኮ አለፈ፤ ብሩክስ በጓንቱ ጀርባ ይዞ፣ ሩጫው ከሜዳው ውጭ አውጥቶት እያለ ዞሮ ወረወረ። ኳሱ በሰው ሠራሽ ሣሩ ላይ አንዴ ነጥሮ ፖውል ጓንት ውስጥ ገባ። አውት! ያ በሦስትና በሰባት የሚመዘን አይደለም። 1 የሚባለው ደረጃ ራሱ ለብሩክስ ይጠበዋል።

ቀይ_ማልያ
ከኦሃዮ ሰላም። የሬድስ ደጋፊ እንደመሆኔ ያ ጨዋታ ዛሬም ያመኛል። ግን ታሪኩን ሙሉ እናድርገው። በዚያው ጨዋታ ብሩክስ ጋ የደረሰችው የመጀመሪያ ኳስ ላይ ስህተት ነው የሠራው። በኋላ ሜይን አወጣ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ በሆም ረን (አጥሩን ባለፈ ምት) 4 ለ 3 አሸነፈን። ተከታታዩንም በ.429 (ከአሥር ሙከራ ከአራት በላይ) መትቶ የወርልድ ሲሪስ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ይህን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው እንዴት አድርጎ ሦስተኛ ቤዝ እንደሚጫወት በሙሉ ተከታታይ አሳይቶናል። ለጨዋታው ሁለት ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። መድረስ ሌላ፣ አለመሳሳት ሌላ። ብዙ ኳስ ላይ የሚደርስ ሰው ሌላው ከሩቅ በሚያሳልፋት ኳስ ላይም ስህተት ይመዘገብበታል። ስለዚህ ብሩክስን 1 ስትሰጡት የስህተት ቁጥሩን በጣም ዝቅ አታድርጉ። የማይሳሳት ማሽን አድርጋችሁ ካቀረባችሁት እውነተኛውን ሰው ታሳንሱታላችሁ።

ዳይስ_ጣይ
በትክክል። በፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ (ከደረሱበት ኳስ ያለ ስህተት የተያዘው ድርሻ) ብቻ የሚመዝኑ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ንጹሕ መዝገብ ይኖረዋል።

አሁን ሌላ ነገር ላክል። በ1970 ኩዌላር 40 ጨዋታ ጀመረ፣ ማክናሊ 40 ጀመረ። ሁለቱም ግራኝ ናቸው። ከ162 ጨዋታ 80ውን ግራኝ ጀመረ ማለት ነው። ተጋጣሚው አሠልጣኝ ያኔ ቀኝ እጅ መቺዎችን ይደረድራል፤ ቀኝ እጅ መቺ ደግሞ ግራውንድ ቦሉን የሚጎትተው ወደ ግራ ነው፣ ወደ ብሩክስና ወደ ቤላንጀር። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ከሌላ ቡድን ሦስተኛ ቤዝና ሾርትስቶፕ ይልቅ ብዙ ሥራ ነበራቸው። ጨዋታው ግን ኤክሱን ለሁሉም ፒቸር እኩል ነው የሚያከፋፍለው።

የቤት ሕግ እናውጣ? ኩዌላርና ማክናሊ ሲወረውሩ ከሁለተኛ ቤዙ ስድስት ኤክስ አንዷን ለብሩክስ እናዛውርለት።

ግራ_መስመር
እኔ እደግፋለሁ። ፓልመር ሲወረውር ደግሞ አንዷን ከሁለተኛ ቤዝ ወደ ብሌር። ፓልመር ፈጣን ኳሱን ከፍ አድርጎ ነው የሚወረውረው፤ መቺዎቹ ኳሱን ወደ ላይ እየሰቀሉ አውትፊልዱን ሲያሯሩጡ ነው የሚውሉት።

ሳሮን_ኤክስ
እኔ እቃወማለሁ። ምክንያቴን ልስጥ። የፒቸሮቹ ካርድ የተሠራው በዚያ ዓመት ከደረሰባቸው ሂት (መቺውን ቤዝ ካደረሰ ምት) ነው። ብሩክስና ብሌር ከኋላቸው ሆነው ያዳኗቸው ሂቶች በካርዳቸው ላይ ቀድሞውኑ ተቀንሰዋል። አሁን ደግሞ ለብሩክስ ተጨማሪ ኤክስ ብንሰጠው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል።

የጥያቄው ሥር ራሱ እዚህ ነው። የፓልመር ትንሽ ሂት ከፓልመር የመጣ ነው ወይስ ከብሌርና ከቤላንጀር? የቤዝቦል ተንታኙ ቮሮስ ማክራከን በ2001 ፒቸሮች ሜዳ ውስጥ በወደቀ ኳስ ላይ ያላቸው ሥልጣን ከሚታሰበው እጅግ ያነሰ መሆኑን ከጻፈ ወዲህ ሰዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ፓልመር በሙያ ዘመኑ 2.86 ኢአርኤ (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ) ያለው፣ በአንድም ግራንድ ስላም (አራት ነጥብ በሚያስገኝ ሆም ረን) ያልተመታ ታላቅ ፒቸር ነው። ከነታላቅነቱ ግን ብሩክስ፣ ቤላንጀርና ብሌር አንድ ላይ ከኋላው የቆሙለት ሰው ነበር። በስትራት ላይ ያንን ካርድ ወስዳችሁ 4 ደረጃ ካላቸው ተከላካዮች ፊት አቁሙትና ታዩታላችሁ።

ጋሽ_ባልቲሞር
ይህ ግሩም ፈተና ነው። በውነት ይሞከር።

ሳሮን_ኤክስ
እሺ ጋሼ፣ ይሞከራል። እስከዚያው ግን ቤላንጀርን ላንሳ፤ ማንም ስላላነሳው ገርሞኛል።

ቤላንጀር በ1970 የመታው .218 ነው። ወደ 460 ጊዜ ባት ይዞ 100 ሂት ገደማ። ብዙ ሰው የቡድን ዝርዝር ሲያወጣ ‹ይህን ሰው ለምን አሰልፋለሁ?› ብሎ .260 የሚመታ ሾርትስቶፕ ይፈልጋል። ያ ሰው በዚያው ዕድል 120 ሂት ይመታል፤ የሃያ ሂት ልዩነት ነው።

አሁን ጓንቱን እንየው። ለሾርትስቶፑ በዓመት 194 ኤክስ ይደርሰዋል ብለናል። ከ1 ወደ 2 ስንወርድ ከ20ው ገጽ ሁለቱ ብቻ ወደ ሂት ቢለወጡ 19 ሂት ነው። ስለዚህ .260 የሚመታው ሾርትስቶፕ 2 ከሆነ ከቤላንጀር ጋር እኩል ለእኩል ነው። 3 ከሆነ በሃያ ሂት ገደማ ቡድኑን ይጎዳል። 4 ከሆነማ መነጋገርም አያስፈልግም። እዚህ ውስጥ የዳብል ፕሌዩን ጥቅም አልቆጠርኩም። ሁለቱ ገጽ ለስሌት የወሰድኩት ግምት ነው፤ ሰንጠረዡን ስትከፍቱ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

የመዝገብ ሰዎች ያለፉትን ዘመናት ሲያሰሉ ብሩክስ በሙያ ዘመኑ ከአማካይ ተከላካይ በላይ ወደ 290 ነጥብ፣ ቤላንጀር ወደ 240 ነጥብ አድነዋል ይላሉ። በቤዝቦል ታሪክ ከማንም በላይ ከሚቀመጡት መካከል ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ተጫወቱ። በሁለቱ መካከል የሚመታን ኳስ አስቡት።

በ1970 ግን የአሜሪካን ሊግ የሾርትስቶፕ ጎልድ ግላቭ ለሉዊስ አፓሪሲዮ ነው የተሰጠው። ስለዚህ በሽልማት ብቻ ብንመዝን ለቤላንጀር 2 እንሰጥ ነበር። በጎረቤቶቹ ዓመታት፣ በ1969ና በ1971፣ ሽልማቱ የእሱ ነው። ሰውየው በመካከል አንድ ዓመት ጓንቱን አልረሳም። 1።

ዳይስ_ጣይ
ስለ ጆንሰን አሁንም አልመለስሽልኝም።

ሳሮን_ኤክስ
ጆንሰንን 2 አድርገው፤ እኔም ከአንተ ጋር ነኝ። ከቤላንጀር ጎን ሲቆም ብዙው የመሐል ኳስ በቤላንጀር ነው የሚያዘው፤ ያም ጆንሰን ወደ አንደኛ ቤዝ ቀርቦ እንዲቆም ያስችለዋል። ጥሩ መስሎ የታየው በከፊል በጎረቤቱ ምክንያት ነው።

ደግሞ ጆንሰን ራሱ የሒሳብ ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ? በሒሳብ የተመረቀ ነው። ቡድኑ በምን ቅደም ተከተል ቢመታ እንደሚሻል በኮምፒውተር አስልቶ ለአሠልጣኙ ለኧርል ዊቨር አቅርቦ ነበር፤ ዊቨር አልተቀበለውም። በዚያ ዘመን! እኛ ዛሬ እዚህ የምንሠራውን እሱ ማልያውን ለብሶ እያለ ሠርቶታል። ለዚህ ብቻ እንኳ እወደዋለሁ።

ግራ_መስመር
በድምፅ ተሸነፍኩ፤ ጆንሰን 2 ይሁን። ስለ አውትፊልዱስ? ቡፎርድ ላይ 3 ያልኩት ወደ ግራ ከመምጣቱ በፊት በኋይት ሶክስ ኢንፊልደር ስለነበረ ነው።

ዳይስ_ጣይ
3 ይበቃዋል፣ ክንዱን ግን ደካማ አድርጉት። የክንድ ቁጥር ከ-6 እስከ +6 ነው፤ ወደ ታች በወረደ መጠን ሯጩ ይፈራል። ቡፎርድን ከዜሮ በላይ አስቀምጡት። ፍራንክ ሮቢንሰን 34 ዓመቱ ነው፤ እግሩም ክንዱም የሲንሲናቲው ፍራንክ አይደለም። ከ2 ይልቅ 3 እለዋለሁ። ሁለቱም ጥግ ሲደክም ደግሞ ብሌር ሦስቱን ሜዳ የሚሸፍን ይመስላል፤ ጋሼ እንዳሉት። የሴንተር ፊልድ ኤክስ 83 ቢሆንም ያመለጠችው ኳስ ዳብልና ትሪፕል (ሁለትና ሦስት ቤዝ የሚያስኬድ ምት) ስለምትሆን በሾርትስቶፑ ሲንግል ልክ አትቆጠርም።

ብሌር በሜይ መጨረሻ ፊቱን በኳስ ተመትቶ ለሳምንታት ከሜዳ ውጭ ስለነበር እነዚያን ጨዋታዎች ስናጫውት መርቭ ሬተንመንድን አሰልፉ። .322 የመታበት ዓመት ነው።

አዲስ_ገቢ
በሌላ ጨዋታ ላይ ደረጃው እንዲህ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ። አፕባ የሚባል?

ቀይ_ማልያ
አዎ፣ አፕባ በ1951 የወጣ የስትራት ታላቅ ወንድም ነው። እዚያ የዘጠኙም ተከላካዮች ነጥብ ይደመራል። ሾርትስቶፕ እስከ 10፣ ሁለተኛ ቤዝ እስከ 9፣ ሦስተኛ ቤዝ እስከ 6 እያለ ይሄዳል። ድምሩ 41ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቡድኑ አንደኛ ደረጃ መከላከያ ይባላል፣ ከ36 እስከ 40 ሁለተኛ፣ ከዚያ በታች ሦስተኛ።

ለዚህ ቡድን ያ አይመቸውም። ቤላንጀር 10፣ ጆንሰን 8፣ ብሩክስ 6፣ ፖውል 4፣ ካቸሩ 8፣ ብሌር 3፣ ሁለቱ ጥጎች 2 2፣ ፒቸሩ 1 ብትሰጡ 44 ይመጣል። ከ41 በላይ ያለው ሦስት ነጥብ ባከነ። ቤላንጀርን አውጥታችሁ 8 የሆነ ሾርትስቶፕ ብታስገቡ 42 ነው፤ ያው አንደኛ ደረጃ። የቤላንጀር ጓንት ምንም አልሠራም ማለት ነው! ሳሮን ያወጣችው ሒሳብ አፕባ ላይ አይወጣም። ኳሱ ለራሱ ለተከላካዩ ሲደርስ ብቻ ነው እንዲህ ያለ ሰው ዋጋ የሚታየው።

ግራ_መስመር
ካቸሮቹ ቀሩን። የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን የቀይ_ማልያ ሬድስ ነው። ቦቢ ቶላን በዚያ ዓመት 57 ቤዝ ሰርቋል (ኳስ ሳይመታለት ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል)፣ የናሽናል ሊግ ቁንጮ።

ቀይ_ማልያ
ሄንድሪክስን አታሰልፉብኝ! በዚያው የመጀመሪያ ጨዋታ የእኛን ቤርኒ ካርቦን ሆም ፕሌት (ነጥብ የሚቆጠርበት ቤዝ) ላይ፣ ኳሱን በባዶ እጁ ይዞ ኳስ በሌለው ጓንቱ ነክቶት ዳኛው አውት ብለውታል። ካቸሩ በእርግጥ ፈጣን ነበር፤ ፎቶውን ግን ሲንሲናቲ ውስጥ የማያውቀው የለም።

ሳሮን_ኤክስ
ለሁለቱም ካቸሮች 2 ይስማማኛል። ቶላንን የሚያቆመው ግን ካቸሩ ብቻ አይደለም። ኩዌላርና ማክናሊ ግራኝ ስለሆኑ ፊታቸው ወደ አንደኛ ቤዝ ነው፤ ሯጩን እያዩት ነው የሚወረውሩት። የሯጭ መያዣ ቁጥራቸውን ጥሩ አድርገን እንስጣቸው። ፓልመር ቀኝ እጅ ስለሆነ በእሱ ጨዋታ ቶላን ይሮጣል፤ ይሩጥ።

ሄንድሪክስ በግራ ስለሚመታ የሬድስ ፒቸር ኖላን ሲወረውር እሱ ይሰለፍ። ሌላው ፒቸራቸው ጂም ሜሪት ግራኝ ነው፣ ያኔ ኤቸባረን።

ጋሽ_ባልቲሞር
ቅዳሜ እመጣለሁ። ብሩክስ ጋ የምትደርሰውን የመጀመሪያ ኤክስ ዳይስ እኔ እንድጥል ፍቀዱልኝ።

ግራ_መስመር
ጋሼ፣ የእርስዎ ናት። ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት እንጀምራለን፤ ማክናሊ ይወረውራል።